ሰሌን ለብሶ የመጣው የፓርቲ መሪ

ሚስት የሥራ ባልደረባዋን ስም በአንድ ራት ላይ ስንት ጊዜ ብትጠራ ነው ባል መቅናት የሚፈቀድለት? ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤ የረባ መልስ የሰጠኝ የለም። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። «ሰይዶ፣ አንተ እኮ በገዛ ጥላህም ትቀናለህ» ይሉኛል። ይሳቁ። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። እናንተ ደግሞ ቁጭ በሉና ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ፤ ፍርዱን በኋላ ትሰጣላችሁ።

ሰይድ እባላለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል እነዳለሁ። ሚስቴ ሀያት አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ዩኒፎርም ክፍል ነው የምትሠራው። ክፍሉን ለማታውቁት፣ ከአስተናጋጁ ጀምሮ እስከ ዘበኛው የሆቴሉ ሠራተኛ ሁሉ ምድር ቤት ባለች አንዲት መስኮት በኩል ልብሱን ይቀበላል። ቁልፍ የተበጠሰበት፣ ዚፕ የተበላሸበት፣ ሱሪ የጠበበው እዚያ ይሰፋለታል። ሀያት የስፌት መኪናው ላይ ናት። መስኮቱ ላይ ቆሞ ልብስ የሚያድለው ደግሞ ማኑ ነው።

ይኸው፣ ስሙን በአፌ ጠራሁት።

ማኑ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ካለች ትንሽ የደሴት አገር የመጣ ሰው ነው። የአገሩን ስም አልጽፍም። ሕዝቡ ሁሉ ስለሚተዋወቅ አገሩን ከጻፍኩ ሰውየውን በጣቴ እንደጠቆምኩት ይቆጠራል። ትከሻው ቁም ሳጥን ያክላል። ልብስ እያደለ ይዘፍናል፣ ድምፁ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ ያምራል። የአገሩ ሰው ቬጋስ ውስጥ ብዙ ነው። ያ ሁሉ ሰው ከአገር ቤቱ ወገን ጋር ሆኖ አዲስ የፖለቲካ ፓርቲ ሊያቋቁም ሽር ጉድ ይል ነበር። ለመሪነት የታጨው ማን መሰላችሁ? የመስኮቷ ማኑ! ሥራውን ለቆ አገሩ ሊገባና ለፓርላማ ሊወዳደር።

ይህን ሁሉ የምሰማው ራት ላይ ነው።

«ሰይዶ፣ እነሱ አገር እኮ ፓርላማ የሚገባው የጎሳ ማዕረግ ያለው ወንድ ብቻ ነው» ትለኛለች ሀያት። «ማኑ ይሄ ይቅር ነው የሚለው። ሴቶችም ከጓሮ ምግብ ማቅረቡን ትተው ስብሰባው ውስጥ ይናገሩ ነው የሚለው።»

«ጎሽ ማኑ» እላለሁ።

«የፓርቲውን ባነር እኔ ነኝ የምሰፋላቸው። በብሬኬ ሰዓት።»

«ጎሽ ሀያት።»

አነጋገሬ አልገባትም፤ ወይም ገብቷት ዝም ብላለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይዛኝ ሄደች። ስብሰባቸው ሰንራይዝ ማነር የሚባል ሰፈር ውስጥ የሰው ቤት ጋራዥ ነበር። መኪናዋን አስወጥተው ወንበር ደርድረዋል፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ በኮኮናት የተሠራ ዓሣ ከሩዝ ጋር ቀርቧል። ሥርዓቱን የሚያስከብሩት ሚስ ሌታ የሚባሉ ሽበታም ሴትዮ ናቸው፤ የማኑ አክስት፣ እዚያው ሆቴል ክፍል አጽጂ። ማራገቢያቸውን ይዘው ጥግ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሰው በነገር ሲካረር ቀና ብለው ያዩታል፣ ሰውየው ይሳሳቅና ይቀመጣል። እኔ ስንት የኛን ሰው ስብሰባ አይቻለሁ። ሁለት ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ሦስት ቦታ ተከፋፍለን እንወጣለን። እነዚህ ሩዝ እየበሉ፣ እየሳቁ ፓርቲ ያቋቁማሉ። በሰው አገርም እንደሚቀና ያን ቀን አወቅሁ።

ከዚያ ማኑ ተነሥቶ ተናገረ። ምን እንዳለ አላውቅም፣ በቋንቋቸው ነው። እኔ የማየው ሀያትን ነበር። እሷም ቃሉ አይገባትም፤ ግን አገጯን በእጇ ደግፋ እሱን ታያለች። እኔን እንዲያ ያየችኝ መቼ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ፣ አልመጣልህ አለኝ።

መኪና ውስጥ፣ «ወደድሽው?» አልኳት።

«ማንን?»

«ፓርቲውን ነዋ!»

«ጥሩ ፓርቲ ነው» አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ አንድ ራት ላይ፣ አሁንም ማኑ እንዲህ አለ ስትል ሹካዬን ጥዬ ተነሣሁ። «ከዛሬ ጀምሮ የዚያ ሰውዬ ስም እዚህ ቤት እንዳይነሳ!» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። እሷ አልተቆጣችም። «እሺ» አለች፣ ሳህኗን አንሥታ ገባች።

እናንተዬ፣ ዝምታው ከወሬው ባሰ። ስሙን ሳትጠራ ስትውል፣ ምን እየደበቀች ነው እላለሁ። ቀናት አለፉና ደግሞ ፊቷ ተለወጠ። ከሥራ ስትመጣ ትከሻዋ ወርዶ ነው። ባነሩን መስፋት ተወች። ሺፍቷንም ከከሰዓት ወደ ጠዋት አስቀየረች። ለምን ስላት «ደከመኝ» ብቻ። እኔ እንግዲህ ነገሩን እየገጣጠምኩ ነው። ተዋደዱ፣ አሁን ደግሞ ተጣሉ አልኩ በልቤ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ወሰንኩ። እሑድ ከሥራ ስትመለስ፣ ‘ሀያት፣ እንለያይ’ ልላት ነው። ስንት ዓመት የኖርንበትን ትዳር በዚች አንዲት ቃል ልጨርሰው ነው።

እሑድ እኔ ኦፍ ነበርኩ። እሷ ማለዳ ወጣች። እኔ ሻንጣዬን አውርጄ አልጋው ላይ ከፍቼ፣ ሸሚዝ እያጣጠፍኩ ነበር። የምንኖረው ፓራዳይዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ ፎቅ አፓርታማ ላይ ነው፤ መስኮታችን ፓርኪንጉን ያያል። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁና ወደ ውጭ ተመለከትኩ።

ነጭ ቫን ቆሟል። ጥቁር ሽርጥና ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ወንዶች፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ሴቶች እየወረዱ ነው። ማንም አያወራም። መጨረሻ ላይ ከራሱ እስከ እግሩ ሰሌን የተከናነበ ሰው ደግፈው አወረዱ።

እኛ አገር ሰሌን ለብሶ የሚወጣው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሬሳ ነው። «ኢና ሊላሂ!» አልኩ፣ ሸሚዙ ከእጄ ወደቀ። ሀያት አንድ ነገር ሆና አምጥተዋት ነው አልኩ። ቆይቼ ሳየው ግን ሬሳው በእግሩ ይሄዳል። ጎንበስ ብሎ፣ እየተመራ መጥቶ መኪናዬ አጠገብ ጠራራው ላይ፣ ያ የጋለ አስፋልት ላይ ቁጭ አለ። ሰዎቹ ከኋላው ተሰለፉ።

በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረድኩ።

«ሚስ ሌታ! ምን ሆናችሁ ነው? ማን ሞተ?»

«የሞተ የለም» አሉኝ። ያ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት ፈገግታ ከፊታቸው ጠፍቷል። «ይቅርታ ልንጠይቅህ ነው የመጣነው።»

«ስለ ምኑ?»

«የወንድሜ ልጅ ሚስትህን ‘ባልሽን ትተሽ ከኔ ጋር አገሬ ነይ’ ብሏታል። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። እሷ እምቢ አለችው። ከዚያ መጥታ ለኔ ነገረችኝ። ለማኔጀር ብትነግር ሥራውን ያጣ ነበር፣ እሷ ግን ለኔ ነገረችኝ።» ወደ ሰሌኑ ጠቆሙ። «በኛ ልማድ የበደለ ሰው የተበደለው ደጅ ላይ እንዲህ ይቀመጣል። ባለቤቱ ሰሌኑን ካነሣለት ይቅር አለው ማለት ነው። ዛሬ ከሰዓት ሄንደርሰን ከተማ አዳራሽ ተከራይተን ፓርቲውን እንመሠርታለን፣ የአገር ቤት ሰዎችም በቪዲዮ ይገባሉ። ይሄ ነገር በላዩ እያለ ግን እሱን መሪ ማድረግ አንችልም።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ‘ከኔ ጋር ነይ’ ብሏታል። ‘እምቢ አለችው’ የሚለው ነፋስ ወሰደው። ከንዴቱ ሥር ደግሞ፣ ወላሂ ልዋሽ አልችልም፣ ደስታም ነበር። ቅናት ነው ያላችሁኝ ሁሉ የታላችሁ? ልክ ነበርኩ! ልክ ነበርኩ!

እንግዲህ አሁን የሠራሁትን ስሙ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ለዕርቅ ሲመጣ ወዲያው እሺ አይባልም። ወዲያው እሺ ያለ ሰው ተናቀ፣ በደሉም ቀለለ ማለት ነው። ትኮሳተራለህ፣ ፊትህን ታዞራለህ፣ ‘አይሆንም’ ትላለህ። ሽማግሌዎቹ ይለምኑሃል፣ ‘ስለ አላህ፣ ስለ ነብዩ’ ይሉሃል፣ ጉልበትህን ሊይዙ ይመጣሉ። ብዙ ተለምነህ፣ ብዙ አስለምነህ፣ መጨረሻ ላይ ‘ለናንተ ስል’ ትላለህ። አባቴም አጎቴም እንዲህ ሲታረቁ ነው ያየሁት። ስለዚህ ተኮሳተርኩ።

«አላነሣም» አልኩና ፊቴን አዙሬ ወደ ፎቅ ወጣሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት፣ ሊለምኑኝ ሲመጡ እንዳያንኳኩ ብዬ። ሶፋውን አስተካከልኩ፣ ትራስ ደረደርኩ። ቀረፋ ያለው ሻይ አፈላሁ፣ ብርጭቆ አወጣሁ። የተቆጣ ሰውም ቢሆን እንግዳ ሲመጣበት ያስተናግዳል።

ማንም አልመጣም።

አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። እንደቆሙ ናቸው። ሁለተኛ ጠጣሁ። ጥላው እየሸሸ ሄዶ ፓርኪንጉ በሙሉ ፀሐይ ሆነ። የቬጋስን ሐምሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስልኬ መቶ አሥራ ሦስት ዲግሪ ፋራናይት ይላል፣ አስፋልቱ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ቫኑ ውስጥ ስልክ ይጮሃል፣ ማንም አያነሣም።

ምናልባት አፍረው ይሆናል፣ መንገዱን ልክፈትላቸው ብዬ እንደገና ወረድኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ታዲያስ?» አልኩ።

«እዚህ ነን» አሉ ሚስ ሌታ።

«ሌላ የምትሉኝ ነገር የለም?»

«የለም።»

«እንዲሁ ዝም ብላችሁ ልትቆሙ ነው?»

«ዝም ብለን።»

አጃኢብ ነው! የሰው ሚስት ‘ነይ’ ብሎ፣ ደግሞ ኩራቱ! አንዲት ‘እባክህ’ ምን ትከብዳለች? ተናድጄ ተመለስኩ። አሁንማ ብትለምኑኝም አላነሣ ብዬ ማልኩ። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ሦስተኛ ሻይ ያዝኩ። ሻዩ ግን አልወርድ አለኝ፣ አንድ ሐሳብ ያዘኝና። ይሄ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ጠራራ ላይ ሊቀመጥ የቆረጠው ለፓርቲው ብቻ ነው? ወይስ ያን ያህል ስለወደዳት ነው ያን ያህል ያፈረው? እኔስ ለሀያት ብዬ እንዲህ የተቀመጥኩበት ቀን አለ? ልብ በሉልኝ፣ በይቅርታውም ቀናሁበት። ሰው በጠላቱ ቅጣት ይቀናል?

በመጋረጃው በኩል ሳይ ሰሌኑ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ቀና አለ። ደግሞ ዘንበል አለ። አንዱ ሽማግሌያቸው ሊደግፈው እጁን ዘረጋ፣ ሚስ ሌታ በዓይናቸው መለሱት።

ያን ጊዜ ነው ሀያት፣ የሥራ ጓደኛዋ በመኪና አድርሳት፣ የወረደችው። አሁን አያታለሁ አልኩ። ወደ እሱ ከሮጠች ሁሉንም አወቅሁ ማለት ነው። ቆመች። ሰሌኑን አየች። ሰዎቹን አየች። ከዚያ ቀና ብላ መስኮታችንን አየች፣ በቀጥታ እኔን። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተቀመጠው?»

«ከጠዋት።»

«ከጠዋት! ውሃስ?»

«እኔ ምን አገባኝ?»

«አንተ ምን እየጠበቅክ ነው?»

«እስኪለምኑኝ ነዋ!» ጮህኩ። «ሽማግሌ ዝም ብሎ ይቆማል? ሁለቴ ወረድኩላቸው። አንድ ሰው ‘ስለ ፈጣሪ’ ብሎ አልለመነኝም!»

ሀያት የደረደርኩትን ትራስ፣ ብርጭቆዎቹን አየች። ነገሩ ሲገባት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«አይለምኑም እኮ ሰይድ! እነሱ ዘንድ ይቅርታው አንዴ ከተነገረ በኋላ ለልመና አፍ መክፈት ነውር ነው፣ ራሳቸው ሚስ ሌታ ነግረውኛል። ዝም ማለታቸው ነው ልመናው! አንተ ካላነሣህለት እስኪወድቅ ይቀመጣል።»

ክው አልኩ። እኔ እነሱን እጠብቃለሁ፣ እነሱ እኔን ይጠብቃሉ፣ መሀል ላይ ሰው እየበሰለ ነው። አፌን ሳልከፍት ዓይኗ በመኝታ ቤቱ በር አልፎ አልጋው ላይ ያለው ሻንጣ ላይ አረፈ።

«ልትሄድ ነው?»

ሻንጣው እንዳይታያት በሩ ፊት ቆምኩ።

«መጀመሪያ ሰውየውን አንሣ» አለችኝ፣ ድምፅዋ ቀዝቅዞ። «ከዚያ ትሄዳለህ።»

ወረድኩ። ሰሌኑን ስይዘው እንደ ድስት ክዳን ያቃጥላል። ገለጥኩት። የማኑ ፊት ዐመድ መስሏል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቀና ብሎ አየኝ፣ ግን ያየኝ አይመስለኝም። ሊነሣ ሞከረና በኔ ላይ ወደቀ። ያ ስቀናበት የከረምኩት ትከሻ በሙሉ ክብደቱ አረፈብኝ። «ያረቢ!» አልኩ፣ ሁለት ሰዎች አግዘውኝ ተሸክመን ወደ ፎቅ አወጣነው፤ ሚስ ሌታ ሰሌኑን ጠቅልለው ተከተሉን። ገንዳው ውስጥ አስቀመጥነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቅንበት፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለውን በረዶ ሁሉ አፈሰስንበት። ሚስቴን የፈለገ ሰው የሚስቴ ሻምፑ ሥር ተቀምጦ እኔ ራሱ ላይ ውሃ አፈሳለሁ! ሀያት አምቡላንስ ልትጠራ ስልኩን ስታነሣ ዓይኑ ጠራ።

«ይቅር በለኝ» አለኝ።

«ዝም በልና ጠጣ» አልኩት።

ልብሱ ስለረጠበ ጀለቢያዬን ሰጠሁት። ጉልበቱ ጋ ቀረ። ሁላችንም ሳሎን ተቀመጥን፣ የተረፈውን ሻይ ቀዳሁላቸው። ሚስ ሌታ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰሌኑን አንሥተህለታል። አሁን አንድ ቃል እንፈልጋለን። ይህ ሰው ይምራን ወይስ አይምራን? የተበደልከው አንተ ነህ፣ አንተ ያልከው ይሆናል።»

እስቲ አስቡት። የሻትል ሾፌር፣ የደሴ ልጅ፣ በካርታ ላይ ፈልጌ ያጣኋት አገር የፓርቲ መሪ በኔ አንዲት ቃል ሊወድቅ ነው። ጣፈጠኝ። ‘አይምራችሁ’ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ሚስ ሌታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» ሀያት ናት። በሩን ተደግፋ ቆማለች። «ማኑ ‘ከኔ ጋር ነይ’ ያለው ማንን ነው?»

«አንቺን፣ ልጄ።»

«ሥራ ቦታዬ ላይ አንገቴን ደፍቼ እንድውል ያደረገው ማንን ነው?»

«አንቺን።»

«ሺፍቴን ያስቀየርኩት እኔ፣ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ። ታዲያ ሰሌኑን ለማን አመጣችሁ? ለሰይድ! ሰይድ ምን ሆነ? ሻይ ሲጠጣ ነው የዋለው!» ወደ ሚስ ሌታ አንድ እርምጃ ቀረበች። «ሴት ትናገር የሚል ፓርቲ ነው ብላችሁኝ ባነራችሁን በብሬኬ ሰፋሁላችሁ። የተበደልኩት እኔ ሆኜ ሳለ ባሌን ጠየቃችሁት። ምኑ ነው አዲሱ?»

ሚስ ሌታ ማራገቢያቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት፣ ከዚያ በቋንቋቸው ለማኑ አንድ ቃል ተናገሩ። ማኑ ብርጭቆውን አስቀመጠ። በኔ ጀለቢያ ሄዶ ሀያት እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና ሰሌኑን ራሱ ላይ ሳበ።

ሀያት አላነሣችውም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሻንጣውን አየች፣ ደግሞ እኔን። የሚቀጥለውን ያደረግሁት ገብቶኝ ነው፣ ወይስ ያ ሰው ብቻውን ይቅርታ ሲጠይቃት ማየቱ አስቀንቶኝ ነው፣ እስካሁን አላውቅም። ሄድኩ። የሰሌኑን ጫፍ ገልጬ አጠገቡ ገባሁ።

ውስጡ ጨለማ ነው፣ የደረቀ ሣር ይሸታል። ማኑ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

«እዚህ ይሞቃል» አለኝ በሹክሹክታ።

«ዝም በል አልኩህ።»

ጥቂት ቆይቶ በሱ በኩል ብርሃን ገባ። «ተነሥ» አለችው ሀያት። «መሪነቱ የናንተ ጉዳይ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም። ግን ስብሰባው ላይ ያደረግከውን በራስህ አፍ ትናገራለህ።» ሰሌኑ ተመልሶ በኔ ላይ ወደቀ።

«እኔስ?» አልኩ።

«አንተ ትንሽ ቆይ።»

ለሱ ቀድማ አነሣችለት! ወላሂ እዚያው ሰሌን ሥር ሆኜ ደሜ ፈላ።

የፓርቲውን ነገር ልጨርስላችሁ። ያን ዕለት ዘግይተው ሄንደርሰን ገቡ። ማኑ ተነሥቶ የአዳራሹም፣ የአገር ቤቱም ሰው እየሰማ ያደረገውን ተናገረ። ጩኸትና ክርክር ሆነ አሉኝ። ያ እንደዚያ የቀናሁበት ሳቃቸው ያን ቀን አልነበረም። መጨረሻ ላይ የመረጡት ሚስ ሌታን ነው። አሁን አገራቸው ገብተው፣ ሴትም ፓርላማ እንድትገባ ሕጉ ይለወጥ እያሉ በየመንደሩ እየዞሩ ነው፣ ምርጫው ገና ነው። ማኑ መስኮቷ ላይ አለ፣ ሀያትም የስፌት መኪናዋ ላይ። እሷን ልወስድ ስሄድ ሰላም እንባባላለን። አይዘፍንም፣ ወይም እኔ ስመጣ ያቆማል።

እቀናለሁ ወይ? እቀናለሁ እንጂ! ቅናት እንዲህ በአንድ ቀን የሚለቅ መሰላችሁ? ግን እናንተ እንደኔ የምትቀኑ፣ አንድ ነገር ስሙኝ። እኔ ስለ ማኑ ልክ ነበርኩ። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ስለሱ እያንዳንዱን ነገር ገምቼ፣ ስለ ራሴ ሚስት አንዲትም ነገር አላወቅሁም። ትከሻዋ ሲወርድ አይቼ ‘ማን አስቸገረሽ?’ አላልኳትም። ‘ከማን ጋር ተጣላሽ?’ ነበር በልቤ። ባል ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ዛሬ ሚስቶቻችሁ ሲገቡ ፊታቸውን እዩ፣ ከዚያ አፋችሁን ከፍታችሁ ጠይቁ።

እኔን መቼ አነሣችኝ? ሰዎቹ ወጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ቫኑ ሄደ። ሀያት መጥታ ከሰሌኑ ውጭ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ስትቀመጥ ሰማኋት።

«ሰይድ፣ መጀመሪያ ላይ ብነግርህ ኖሮ» አለች። «ማኑ እንዲህ አለኝ፣ እኔም እምቢ አልኩት ብልህ ታምነኝ ነበር?»

‘እንዴ! ምን ማለትሽ ነው?’ ልል ነበር። ፊቴ አይታያት፣ ለመዋሸት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

«አላምንሽም ነበር» አልኳት። «እሱን ሄጄ እጠይቀው ነበር።»

ስታለቅስ ሰማሁ። ከዚያ ሰሌኑን አነሣችልኝ።